ጠጠር ወደ ላይ አይወድቅም

ጥር 6

ዛሬ ፖስታ ተከፈተ። የአምስተኛው ቱቦ ቆጠራ። እኔ 1,083፣ ዶክተሯ 1,080። በሺህ ምናምን ዓመት ውስጥ የሦስት ዓመት ልዩነት! እናቴ የራሷን ዕድሜ ስትናገር እንኳ አምስት ዓመት ከፍ ዝቅ ታደርጋለች።

ደንባችን ይሄ ነው። ከሐይቁ ሥር በዘጠኝ ቱቦ፣ አንዱ ካንዱ ሥር እየተከተለ የወጣውን ጭቃ ሁለት ሰው ለየብቻ፣ በተለያየ ክፍል ይቆጥራል። አንድ ነጣ ያለ መስመር፣ አንድ ጥቁር… አንድ ዓመት። ነጣ ያለው በሙቀቱ ወራት ግግር በረዶው ሲቀልጥ ውሃ ያወረደው ሸካራ ደለል ነው። ጥቁሩ ብርዱ መጥቶ ውሃው ሲረጋ ከላዩ ቀስ ብሎ የተኛው ልም ጭቃ። ቁጥሩን ጽፈን፣ ፖስታ ውስጥ አሽገን ለአለቃችን እንሰጣለን። እስኪከፈት ድረስ ስለ ቱቦው ትንፍሽ ማለት የለም። ሻይ ስንጠጣም ሰው እናማለን እንጂ ቁጥር አናነሳም።

"ጋሼ፣ ሦስቷን ዓመት ከየት አመጧት?" አለችኝ ዶክተሯ።

"አንቺስ የት ጣልሻት?"

ሳቀች። የሐይቅ ጭቃ ዶክተር ናት እንጂ የሰው አይደለችም፤ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። የድሮ ቱቦዎቻችን እንደ አዲስ ይቆጠሩ ተብሎ ነው የመጣችው። ዓይን አላት። እንደኔ ባይሆንም።

መሥሪያ ቤት "ጋሽ ሚሊሜትር" ነው የሚሉኝ። ድሮ ይከፋኝ ነበር። አሁን ሲጠሩኝ ደረቴን ነፋ አድርጌ ነው አቤት የምለው። ሃያ ስድስት ዓመት ጭቃ ቆጥሬ አንድም ቀን "ድገመው" ተብዬ አላውቅም።

ጥር 8

አጉሊ መነጽሩን ጠራረግኩ። ወገቤን አሞኛል። ሌላ የለም።

ጥር 14

የሰባተኛው ቱቦ ፖስታም ተከፈተ። እኔ 1,126፣ እሷ 1,119። ሰባተኛው አስቸጋሪ ነው፤ መስመሩ ከፀጉር ይቀጥናል። ደህና ነው።

ሻይ ላይ ግን ጥያቄ ጀመረች። ጥያቄ ስትጀምር ብርጭቆዋን ወደ ጎን ታስጠጋለች።

"ጋሼ፣ ሰባተኛው ቱቦ ውስጥ ለምንድነው አሮጌው ከላይ፣ አዲሱ ከታች የሆነው?"

ጭቃ እንደ ታጥፎ እንደተደረደረ ልብስ ነው። መጀመሪያ የተቀመጠው ከሥር ነው። ስለዚህ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ዕድሜው መጨመር አለበት። ስድስተኛው ቱቦ ግርጌ የተገኘው ቁራጭ ቅጠል በውስጡ በቀረው ካርቦን ሲለካ 13 ሺህ ዓመት ሆነ። ስምንተኛው አናት ላይ ያለው 14,300። መሃል ያለው ሰባተኛው ግን እምቢ አለ። አናቱ ላይ 14,200፣ ወገቡ ላይ 13,700፣ ግርጌው 13,100። ቁልቁል ሲኬድ ያንሳል!

ለዚህ መልስ የሰጠው አለቃችን ነው፤ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። ግግር በረዶው ሸሽቶ ከሄደ በኋላ እንደገና ተመልሶ መጣ፤ ሲመጣ የዳርቻውን አሮጌ ጭቃ ከላይኛው ንጣፍ ጀምሮ እየላጠ ገፍቶ ሐይቁ ውስጥ ጨመረው። "ሁለተኛው ምጣት" ተባለ። ተማሪ ሁሉ ይማረዋል። ጋዜጣም ላይ ወጣ፤ ያኔ ቱቦው በወጣ ዕለት አለቃዬና እኔ ሐይቁ ላይ እንደ ሕፃን አቅፈነው የተነሳነው ፎቶ። እናቴ በመስታወት አስገጥማ ሳሎን ሰቅላዋለች።

"ተገፍቶ የመጣ ጭቃ እንዴት አንድ መስመር አይሰበርበትም?" አለች ዶክተሯ።

"የበረዶ ዘመንን ዕድሜ ማወቅ ቀላል መሰለሽ?" አልኳት። ከዚያ በኋላ አፌ አልተዘጋም። በረዶ ማለት የራሱን ማስረጃ የሚያጠፋ ነገር ነው፤ የኋለኛው ሲመጣ የፊተኛውን ዱካ ጠርጎት ይሄዳል። ቅጠሉም ቢሆን ይዋሻል። ከድንጋይ የሟሟ አሮጌ ካርቦን ከጠጣ ዕድሜውን ያስረዝምብሻል፤ የዛፍ ሥር ከነካው ያሳጥርብሻል፤ በእጅሽ ከነካሽው ደግሞ የራስሽን ዕድሜ ይነግርሻል። ለዚህ ነው ጭቃ የምንቆጥረው።

ብርጭቆዋን ወደ ቦታው አልመለሰችም። ጥያቄው አላለቀም ማለት ነው።

ጥር 21

አለቃዬ ክፍሌ ድረስ መጣ። ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላ እንኳ አንተ እንባባላለን፤ መሥሪያ ቤቱን የረገጥነው በአንድ ሳምንት ነው።

መጋቢት ላይ ትልቁ ጉባኤ አለ። ዋናው ተናጋሪ እሱ ነው። ስለ ሁለተኛው ምጣት።

"አዲስ ፎቶ እፈልጋለሁ" አለ። "የተቀመጠውን ግማሽ ክፈትልኝ።"

እያንዳንዱን ቱቦ ለሁለት እንሰነጥቀዋለን። በግማሹ እንሠራለን፤ ሌላው ግማሽ በላስቲክ ተጠቅልሎ ቀዝቃዛው መጋዘን ይገባል፤ አይነካም። የሰባተኛው ግማሽ ከተጠቀለለ ሃያ ስድስት ዓመቱ።

"ካንተ ሌላ ሰው እጁን እንዲያስገባበት አልፈልግም" አለኝ ሲወጣ። ኩራት ተሰማኝ። ምን እዋሻለሁ።

ጥር 23

ጠዋት ላስቲኩን ፈታሁ። ገና ትናንት የወጣ ይመስል እርጥብ። ፊቱን በስስ ምላጭ ቀስ አድርጌ ላጨሁት፣ ጥርት ብሎ ወጣ። መስመር በመስመር። ወገቡ ጋ ስደርስ ምላጩ ቀጭ አለ። ጠጠር። ምስር የምታህል።

እንዲህ ያለ ጠጠር ብርቅ አይደለም። ተንሳፋፊ በረዶ ተሸክሞት ይመጣና ሲቀልጥ ሐይቁ መሃል ይጥለዋል። ወድቆ ከሥሩ ያለውን ጭቃ ሰርጎድ ያደርገዋል፤ ልክ ሰው ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ። በኋላ የሚመጣው ጭቃ ደግሞ ከላይ ያለብሰዋል። ሺህ ጊዜ አይቻለሁ።

ይሄኛው ግን… ስርጉዱ ከላይ ነው። ልብሱ ከታች።

መነጽሬን ጠረግኩ። እንደገና አየሁ። ጠጠር ወደ ላይ አይወድቅም! የት አገር ነው ጠጠር ወደ ላይ የሚወድቀው?

ቱቦውን ይዤ አዞርኩት። አናቱን ታች፣ ግርጌውን ላይ። ሁሉ ነገር ቦታው ገባ።

በረዶው ገፍቶት አይደለም። ሁለተኛ ምጣት የሚባል ነገርም የለም። ቱቦው ተገልብጦ ነው። ከውሃ እንደወጣ ጎኑ ላይ ወደ ላይ የሚያሳይ ቀስት ይሳላል፤ ያ ቀስት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ታች ሲያሳይ ኖሯል።

እንዴት አልታየንም? በምንሠራበት ግማሽ ጠጠር የለም። መስመሩ ቀጭን ነው። እኛ ደግሞ የምንቆጥረው ጥቁር ጥቁሩን ነው፤ ከላይ ብትቆጥረው ከታች ብትቆጥረው ያው ነው።

ጥር 24

አለቃዬ ፎቶውን ጠየቀኝ። "ካሜራው ተበላሽቷል" አልኩት። ካሜራው ምንም አልሆነም።

ጥር 27

የመስክ ደብተሩን ከመጋዘን አወጣሁ። ዳር ዳሩ ሻግቷል። ገጹን አገኘሁት።

"ኃይለኛ ንፋስ። በረዶ እየጣለ። ቱቦ 7 ወጣ። ቀስት ተደርጓል።" ከሥሩ ፊርማ። የኔ።

ሥራ የጀመርኩበት ሳምንት ነው። ሁለት ጀልባ አጣምረን፣ ሳንቃ ረብርበን በሠራነው መድረክ ላይ ነበርን። ቱቦው ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ ሲያታግለን ዋለ። ስንነቅለው ሁላችንም በቂጣችን ተቀመጥን። ከዚያ… ማነው ያነሳው? አለቃዬ መሰለኝ ያቀበለኝ። አዙሮ አቀብሎኝ ይሆን? በሱ ባመካኝ ደስ ይለኝ ነበር። እውነቴን ነው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ በሱ ላመካኝ ሞከርኩ።

ቀስቱ ግን የኔ ነው። ጅራቱን ወፈር አድርጎ የሚስል ከኔ ሌላ ሰው የለም።

ሚሊሜትር ይሉታል ይሄን ሰው። ሜትር ሙሉ ገልብጦ!

ዝም ብልስ? ያንን ግማሽ ማንም አይከፍተውም። ጠጠሯን በወረንጦ ባነሳት… ይሄን ማሰቤ ራሱ አስጠላኝ። ብናገርስ? የአለቃዬ ስም ከዚያ ቱቦ ጋር የተጣበቀ ነው። ጉባኤው አርባ ቀን ነው የቀረው። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን አርጅተናል፤ ልጁን ስንድር ሚዜዎቹን ያስተናገድኩት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ነው የምነግረው?

ጥር 30

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። ምሳ በልተን የስፌት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ ጠየቅኳት።

"እጅጌ ገልብጠሽ ሰፍተሽ ታውቂያለሽ?"

"ስንቴ!"

"ምን አደረግሽ?"

"ፈታኋ! ምን ላድርግ? ሰውየው ክንዱን ጠምዝዞ እንዲለብስልኝ?" አለችና በመነጽሯ ላይ አየችኝ። "አንተ፣ ምን ገልብጠህ ነው?"

ነገርኳት። ስለ ጠጠሯ፣ ስለ ቀስቱ፣ ስለ ካሜራው ውሸት። እግሯን ከፔዳሉ አወረደች። ትስቃለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሳቀችም።

"ሰው ፊት ለብሶት ሳይወጣ ንገረው" አለች።

የካቲት 2

ነገርኩት።

ቢሮው ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የጠጠሯን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ደብተሩንም ገጹን ገልጬ አጠገቡ። ብዙ ልናገር ተዘጋጅቼ ነበር። "ገልብጬዋለሁ" ብቻ አልኩ።

ፎቶውን አየ። አዞረው። መልሶ አዞረው። ጆሮው ድረስ ቀላ።

"በአንድ ጠጠር?" አለ። "በአንድ ጠጠር አሥራ አንድ ዓመት ልጣል? ከጎን ሾልኮ ገብቶ ቢሆንስ? ትል ቆፍሮት ቢሆንስ?"

"ሊሆን ይችላል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ እንፈትነው። እኔም ብሆን በአንድ ጠጠር አላምንም።"

"ካሜራው ተበላሽቷል ያልከኝ…"

"ዋሽቼህ ነው።"

ከዚህ በኋላ አላየኝም። ወደ መስኮቱ እያየ "ፈትኑት" አለ። ስወጣ ቀለለኝ። ከስንት ቀን በኋላ ምሳዬን ጠርጌ በላሁ።

የካቲት 5

ፈተናው እንዲህ ነው። ከሰባተኛው ቱቦ አሥራ ሁለት ቁራጭ፣ ከስድስተኛውና ከስምንተኛው አሥራ ሁለት። እያንዳንዷን በሙጫ አድርቄ፣ ፈግፍጌ፣ ብርሃን እስኪያልፍባት አሳስቼ መስታወት ላይ እለጥፋለሁ። ቁጥር ብቻ እሰጣታለሁ። ዶክተሯ የትኛዋ ከየት እንደመጣች፣ የቱ ጎን ላይኛው እንደሆነ አታውቅም። በማይክሮስኮፕ አይታ ሸካራው ወደ ልም የሚሄደው በየት በኩል እንደሆነ ትናገራለች። ሸካራ ቶሎ ይወርዳል፣ ልም ኋላ ይተኛል፤ ስለዚህ ልሙ ያለበት ጎን ላይኛው ነው። ዝርዝሩ በፖስታ ታሽጎ አለቃዬ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

"ምንድነው የምንፈልገው፣ ጋሼ?" አለች።

"አልነግርሽም።"

"ፊትዎ ግን…"

"ፊቴን አትይ፤ መስታወቱን እይ።"

የካቲት 12

ሃያ አራቱም አለቁ። አንዲት አልተሰበረችም። አንዷን ወደ መስኮት አንስቼ አየኋት፤ ከወረቀት የሳሳች፣ የሠላሳ ዓመት መስመር ሠላሳውም ይቆጠራል። ቀስቱን ገልብጦ የሳለውና ይሄን የሠራው አንድ እጅ ነው ማለት ይከብዳል። ግን ነው።

የካቲት 16

ፖስታው ተከፈተ።

ሦስታችን ብቻ ነበርን። አለቃዬ ዝርዝሩን፣ ዶክተሯ መልሷን ይዘው አንድ በአንድ አነበቡ። ከስድስተኛውና ከስምንተኛው የመጡት አሥራ ሁለቱም እንደ ቀስታቸው ቀጥ ያሉ። ከሰባተኛው የመጡት… የተገለበጠ። የተገለበጠ። የተገለበጠ። አሥራ አንዱ የተገለበጡ። አንዷን "አልለየልኝም" ብላለች። ይሄን ስላለች ይበልጥ አመንኳት።

አለቃዬ እርሳስ አነሳ። ቁጥሮቹን ሰባተኛውን ገልብጦ በአንድ ዓምድ ጻፋቸው። 13,000። 13,100። 13,700። 14,200። 14,300። ደረጃ በደረጃ ቁልቁል። "አሥራ አንድ ዓመት" አለ። ኮቱን አንስቶ ወጣ።

ዶክተሯ ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ የገባት። ወረቀቱ ላይ አፈጠጠች።

"ጋሼ! ቆጠራው እኮ ገጠመ!"

እውነቷን ነው። እስከዛሬ ሰባተኛው የመጣ ባዕድ ነው ብለን ቆጠራችንን መሃል ላይ እንቆርጠው ነበር። አሁን ባዕድ የለም። ከአንደኛው እስከ ዘጠነኛው ቱቦ፣ ወደ አሥር ሺህ ዓመት፣ አንድ መስመር ሳይዘለል። በረዶው መቼ እንደሄደ፣ እንዴት እየሸሸ እንደሄደ፣ ዓመት በዓመት ልንናገር እንችላለን። በሁለተኛው ምጣት ፈንታ ይሄን አገኘን። ዶክተሯ እጄን ይዛ ወዘወዘችኝ።

ደስ አለኝ። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። አለቃዬ ኮቱን ይዞ ሲወጣ ደግሞ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

የካቲት 18

እናቴ ጋ ሄድኩ። ከጎረቤት ሳትሰማ ልንገራት ብዬ። ያንን ፎቶ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ስታስጎበኝ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። "ልጄ ነው በረዶው ሁለቴ መምጣቱን ያወቀው" እያለች።

"እማዬ፣ ተሳስተን ነበር።"

"እንዴት?"

"በረዶው ሁለተኛ አልመጣም።"

"ታዲያ ስንቴ ነው የመጣው?"

"እዚያ ቱቦ ውስጥ ያለው አንዴ ብቻ ነው።"

"አንዴ መምጣቱስ መች አነሰ!" አለች። ከዚያ ፎቶውን እያየች "ያቺ ሹራብ ግን ታምርብህ ነበር" አለችኝ። ላወርደው እጄን ብዘረጋ በከዘራዋ ጎሸም አደረገችኝ።

የካቲት 25

አለቃዬ ኮሪደር ላይ አገኘኝ። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ሰላም ብሎኝ አለፈ። ድሮ ቢሆን ሳይተርበኝ አያልፍም ነበር። ካወራን ዘጠኝ ቀን ሆነን።

መጋቢት 1

በሩ ዛሬም ዝግ ነው። ጉባኤው ላይ ምን እንደሚል ማንም አያውቅም። የተማረ ሰው ሲጨንቀው መውጫ አያጣም፤ ጉዳዩን አድበስብሶ ስለ ሌላ ሐይቅ ሊያወራ ይችላል። አያደርገውም። ያደርገዋል እንዴ? አያደርገውም።

መጋቢት 9

ጉባኤው። አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ ከኋላ፣ ከዶክተሯ አጠገብ።

አለቃዬ መድረክ ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ሥዕል ያቺ ጠጠር ናት። ግድግዳውን ሞልታለች።

"ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የነገርኳችሁ ነገር ስህተት ነው" ብሎ ጀመረ።

አንድ በአንድ ነገራቸው። ጠጠሯን፣ ሃያ አራቱን መስታወት፣ የተገለበጠውን ዓምድ፣ የገጠመውን ቆጠራ። አላድበሰበሰም። ድምፁ አንዴ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ሲጨርስ ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ መዳፌ እስኪቃጠል። የኔ አለቃ! አብረን ሳንቃ የተሸከምን ሰውዬ!

መጨረሻ ላይ አንዱ እጁን አውጥቶ "ቀስቱን ማን ነው የሳለው?" ብሎ ጠየቀ።

"ስህተቱ የኔ ነው" አለ አለቃዬ። "የቡድኑ መሪ እኔ ነኝ።"

ተቀመጠ። ሰው ሲወጣ እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ዶክተሯ "ምን ሆኑ፣ ጋሼ?" ትለኛለች። ምን እላታለሁ? ሊሸፍነኝ ነው፤ ይገባኛል። ጨዋነት ነው። ግን ስህተቴን ነጠቀኝ! የኔን ቀስት፣ የኔን ጠጠር!

መጋቢት 11

አላስችለኝ አለ። ሄድኩ። በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

"ስህተቴን መልስልኝ" አልኩት።

"ምን?"

"ቀስቱን የሳልኩት እኔ ነኝ። ማነው የኔን ጥፋት ለራስህ አድርገህ ሕዝብ ፊት አውጣው ያለህ?"

አፉን ከፍቶ አየኝ። "አንተ ሰውዬ፣ ሰው ምስጋና ሲነጠቅ ነው የሚቆጣው!"

"እሱንም ነጥቀኸኛል። ጠጠሯን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ጥፋቴን ከደበቅክ ማን እንዳገኛትም መናገር አትችልም።"

ብዕሩን ያዟዙራል።

"ያኔ አዙሬ ያቀበልኩህ እኔ ነኝ" አለ ቀስ ብሎ። "ጓንቴ እርጥብ ነበር… አስታውሳለሁ።"

"አታስታውስም። እኔም አላስታውስም። ደብተሩ ነው የሚያስታውሰው፤ ደብተሩ ላይ ደግሞ ፊርማው የኔ ነው።"

መጀመሪያ ትከሻው ነው የተነቃነቀው። ከዚያ ሳቁ መጣ። ጠረጴዛውን እየደበደበ፣ እንባው እስኪወርድ። እኔም ተከተልኩት። ጸሐፊዋ ጠብ መስሏት በሩን ከፈተች።

ተቀምጠን ለመጽሔት የሚላከውን ማረሚያ አብረን ጻፍነው። ወደ አርባ ቀን ያላወራነውን አወራን። "ተኝተህ ታውቃለህ?" አልኩት። "አንተስ?" አለኝ። ሁለታችንም አልተኛንም ነበር።

መጋቢት 29

ማረሚያው ታትሞ ወጣ። ሙሉ ስሜ አለበት። ቀስቱን በስህተት የሳለው እሱ ነው፤ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ስህተቱን ያገኘውም እሱ ነው ይላል፤ በአንድ ዓረፍተ ነገር። የአዲሱ ቆጠራ ጽሑፍ ላይ ደግሞ ከዶክተሯ ቀጥሎ ሁለተኛ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ዲግሪ የሌለኝ እኔ! አለቃዬ ራሱን ሦስተኛ አድርጓል።

ለባለቤቴ አነበብኩላት። "ድገመው" አለች። ደገምኩት። ሦስተኛም ሳልጠየቅ አነበብኩት፤ ያኔ ጨርቋን ወርውራ ገላመጠችኝ።

ግንቦት 4

ሐይቁ ላይ ዋልን። አዲስ ቱቦ ልናወጣ፣ ከዘጠነኛው ሥር ምን እንዳለ ልናይ። መድረኩ አሁን ብረት ነው። ብርዱ ግን ያው የድሮው ብርድ።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ወጣ። ሁላችንም ያዝነው። አለቃዬ በላዩኛው ጫፍ፣ እኔ በታቹ፣ ዶክተሯ መሃል። መድረኩ ላይ ዘንበል አድርገን አስደገፍነው። ማርከሩ ዶክተሯ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥታ ለኔ ሰጠችኝ። "ራስሽ ሳይው" አልኳት። እጄን ወደኔ መለሰችው።

ክዳኑን ነቀልኩ። ከላይ የቀረችውን ውሃ አፈሰስኩ። ከውሃው ሥር ፊቱ ገና ያልረጋ፣ እንደ አጥሚት የቀጠነ ጭቃ አለ፤ እሱ ያለበት ጫፍ ነው ላይኛው። ጎንበስ ብዬ ሁለተኛ አየሁ። ልስል ስል አለቃዬ ክንዴን ያዘኝ።

"እርግጠኛ ነህ?" አለ።

ሃያ ስድስት ዓመት ስንሠራ ጠይቆኝ አያውቅም። ዕድሜ ልኬን የኮራሁት እንዲህ ባለመባሌ ነበር። አምና ቢሆን ማርከሩን ሐይቁ ውስጥ ወርውሬ ነበር የምሄደው።

"ና እይ" አልኩት።

ሦስታችንም በጉልበታችን ተንበርክከን አየን። እሱ "ይሄ ነው ላይ" አለ። ዶክተሯም "ይሄ ነው" አለች። ሳልኩ፤ ጅራቱን ወፈር አድርጌ። ሦስታችንም ሥሩ ፈረምን። ስነሳ ጉልበቴ ርሷል፤ ደረቴ ግን እንዲህ ሞልቶ አያውቅም።